በ47 ዓመቴ ራሴን አወቅሁ፤ ለባሌ እንዴት ልንገረው?

እህቶቼ፣ ይህን የምጽፈው ሌሊት ነው። ባሌ ተኝቷል። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከተጋባን 22 ዓመታችን። ደግ ሰው ነው፤ ክፉ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። የሚከብደኝም ይኸው ነው።

ካቻምና አብራኝ የምትሠራ ሴት ወደድኩ። በመካከላችን ምንም የተፈጠረ ነገር የለም። ግን ያለፈው ሕይወቴ ሁሉ ሌላ ትርጉም ያዘብኝ። ልጅ ሳለሁ የልብ ጓደኛዬ ስትዳር ሳምንት ሙሉ እህል አልቀምስ ብዬ ነበር። ያኔ ናፍቆት መስሎኝ ነበር።

ሕጉን አጣርቻለሁ። እዚህ ከኦክቶበር 2023 ወዲህ ለመፋታት የማንንም ጥፋት ማስረዳት አያስፈልግም፤ ስድስት ወር ተለያይቶ መኖር ይበቃል፣ በአንድ ጣሪያ ሥርም ቢሆን። የጨነቀኝ ሌላ ነው። አገር ቤት ሴት ከሴት ጋር የምታደርገው ግንኙነት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 ያስቀጣል። ወሬው እናቴ ጆሮ ቢደርስ ምን ትሆናለች?

በትዳር ላይ እያላችሁ ይህ የደረሰባችሁ፣ መጀመሪያ ለማን ነገራችሁ? ለባል ወይስ ለልጆች? ልጄ 16 ዓመቷ ነው። ምን ብላችሁ ጀመራችሁ? የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ብቻ ንገሩኝ። «ንስሐ አባትሽ ጋ ሂጂ» አትበሉኝ፤ ሄጄ ከበር ተመልሻለሁ።