«ራሱን አጠፋ» ስንል ምን እያልን ነው?

ጥያቄ፦ አንድ ጽሑፍ ሳርም «ድርጅቱ ራሱን በራሱ እያጠፋ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ላይ እጄ ቆመ። ራስን ማጥፋት ለሰው ብቻ የሚነገር ይመስለኝ ነበር። ልለውጠው ወይስ ልተወው?

መልስ፦ ስህተት የለበትም። «አጠፋ» ሲጀመርም የሞት ቃል አይደለም። መነሻው «ጠፋ» ነው፤ መብራት ይጠፋል፣ በግ ይጠፋል፣ ብዙ ጊዜ ያልታየ ወዳጅም «ምነው ጠፋህ?» ይባላል። አጥፊው ደግሞ እሳት ያጠፋል፣ ገንዘብ ያጠፋል፣ የሰው ስም ያጠፋል። ስለዚህ «ራሱን አጠፋ» ከ«ራሱን ገደለ» ይልቅ ለጆሮ ይለዝባል። «ገደለ» ገዳይና ሟች ይፈልጋል፤ ሁለቱንም በአንድ ሰው ላይ ሲጭናቸው ይከብዳል።

ይሁንና «አጠፋ» ሌላ ሸክም አለው፤ እኔን የሚያሳስበኝም እሱ ነው። ምንም ሳይጨመርበት ብቻውን ሲቆም «በደለ» ማለት ነው። «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ» የሚል ሰው የሰበረው ዕቃ ላይኖር ይችላል። «ጥፋቱ የማን ነው?» ስንልም የምንፈልገው በደለኛውን ነው። ልጇን በዚህ መንገድ ያጣች እናት «ራሱን አጠፋ» ሲሏት ሞቱንም ጥፋቱንም በአንድ ቃል ትሰማለች። ስለዚህ ስለ እውነተኛ ሰው ስጽፍ «በገዛ እጁ ሕይወቱ አለፈ» እላለሁ። ረዘም ይላል፤ ግን ማንንም አይከስስም።

«አጥፍቶ ጠፊ»ን ደግሞ ልብ በሉት። ሌሎቹን «አጥፍቶ» በሚለው አድራጊ ግስ ገደላቸው፤ ራሱ ግን «ጠፊ» ብቻ ሆነ። «ራሱን» የሚለው ቃል የለበትም። ቋንቋው የእሱን ሞት እንደ ድርጊት ሳይሆን እንደ ውጤት ቆጠረው። ምሳሌያዊ አጠቃቀሙም ከዚሁ ይመጣል፤ ባልደረቦቹን ሊጥል ሲል አብሮ የሚወድቅን ሰው አጥፍቶ ጠፊ እንለዋለን።

ከ«ራስ» ጋር የሚሄዱት ሌሎች ግሶችም ያሳስታሉ። «ራሱን ሳተ» ማለት ነፍሱን አያውቅም ማለት ነው። «ራሱን ጣለ» የሚባለው አለባበሱንና ክብሩን ችላ ያለ ሰው ነው። «ራስሽን ጎድተሻል» በተለመደው አነጋገር ከስተሻል፣ ተጎሳቁለሻል እንጂ ገላሽን አቁስለሻል ማለት አይደለም። የጤና ጽሑፍ የምትተረጉሙ «ራስን መጉዳት» ብላችሁ ብቻ አትለፉ፤ አንባቢው ምግብ አለመብላት ነው ብሎ ሊረዳው ይችላል።

ምስል የሚወድ ሰው «ማገደ»ን ይያዝ። እንጨት ወደ ምድጃ እንደሚማገድ ሁሉ ሰውም ራሱን ለማይረባ ነገር ይማግዳል። በመብራት ዙሪያ የምትዞረውን ነፍሳትም የእሳት ራት ብለን ሰይመናታል፤ የእሳቱ ማታ ምግብ ማለት ነው። አቃጠላት ሳይሆን በላት! ራሷ እየበረረች መጥታ ራት መሆኗን በሁለት ቃል የነገረን ሰው ማን ይሆን እያልሁ አስባለሁ።

ሌላ አስተያየት፦ ዐፄ ቴዎድሮስን ረስተዋል። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ በገዛ እጃቸው ሲሞቱ ሕዝቡ «ራሳቸውን አጠፉ» አላለም።

መልስ፦ እውነት ነው፣ ማንሳት ነበረብኝ። ሕዝቡ «ገደልን እንዳይሉ ሞተው አገኟቸው» ብሎ ነው የገጠመው። «ገደልን» የሚለው ግስ ለእንግሊዞቹ ቀረበና ተነፈጉት፤ ለንጉሡ የቀረው «ሞተው» ብቻ ነው። ድርጊቱ ስንኙ ውስጥ የለም፣ ግን ሰሚው ሁሉ ያውቀዋል። «ራሱን ሠዋ» ከዚህ ይለያል፤ መሥዋዕት የሚቀርብለት ነገር ይፈልጋል። ስለዚህ ለማንኛውም ሞት አንለጥፈው።

አንድ ነገር ልጨምር። «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን» የሚሉት የራስን ሞት የሚጠሩ ቃላት ናቸው፤ ሆኖም ሰው የሚለምንባቸውና የሚያባብልባቸው ስለሆኑ ማንም አይደነግጥባቸውም። «ልጥፋና ልገላገል» ግን እንደዚያ አይደለም። ከአገር ልሂድ ማለትም፣ ልሙት ማለትም ይሆናል፤ ግሱ ሁለቱን አይለይም። ከቅርብ ሰው ስሰማው «ወዴት ነው የምትጠፋው? መሞት አስበህ ነው?» ብዬ በቀጥታ እጠይቃለሁ።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። ዓረፍተ ነገሩን «ድርጅቱ በገዛ እጁ እየፈረሰ ነው» ብዬዋለሁ።