ሳይፈረም የተጀመረ የልስን ሥራና በቴሌግራም የተለጠፈ ስም ማጥፋት

ጥያቄ፦
አዲስ አበባ፣ አያት አካባቢ በሚገነባ ሕንፃ ላይ የልስን ሥራ በሰብ ኮንትራክተርነት ይዤ ነበር። የነጠላ ዋጋዬን ለዋናው ተቋራጭ ፕሮጀክት ማናጀር በቴሌግራም ስልክለት፣ «በካሬ 20 ብር ቀንሰህ ግባ፤ ውሉን ቢሮ እንፈራረማለን» ብሎ ጻፈልኝ። መልስ ሳልሰጥ በማግስቱ ሠራተኞቼን ይዤ ገባሁ። የመጀመሪያው ክፍያ በቀነሰው ዋጋ ተሰልቶ ከድርጅቱ ሂሳብ ገባልኝ፤ ሁለተኛውን ቴክ ኦፍ (የተሠራው ሥራ ልኬት የሚሰፍርበትን ወረቀት) የሳይት መሐንዲሱ ለክቶ ከፈረመ በኋላ ግን «የተፈረመ ውል የለንም» ተባልሁና ሥራውን አቆምሁ። በሳምንቱ ብዙ ተቋራጮችና ፎርማኖች ባሉበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ስሜንና ፎቶዬን ለጥፈው «ሲሚንቶ እየሸጠ ሳይት ጥሎ የጠፋ» ብለው ጻፉ፤ ይህን ያየ ሌላ ተቋራጭም ሊሰጠኝ የተስማማበትን ሥራ ከለከለኝ። ውል አለኝ ማለት እችላለሁ? ስለ ስሜስ መክሰስ ይቻላል?

መልስ 1 (የሕግ ባለሙያ)፦
በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በአንቀጽ 1719፣ ሕግ የተለየ ፎርም (ለምሳሌ በጽሑፍ መሆንን) ካላዘዘ በቀር ውል በማናቸውም መልክ ሊደረግ እንደሚችል ይደነግጋል፤ አንቀጽ 1681 ደግሞ ፈቃድ በቃል፣ በጽሑፍ ወይም በድርጊት ሊገለጽ እንደሚችል ይናገራል። የእርስዎ ጉዳይ የሚጠነክረው ግን በአንቀጽ 1694 ነው፦ ማናጀሩ ዋጋውን ቀንሶ ሲመልስልዎ ያቀረቡትን ሐሳብ አልተቀበለም፤ አዲስ ሐሳብ አቀረበ እንጂ። ዝም ማለትዎ ብቻውን መቀበል አይሆንም፤ ሠራተኛ ይዘው መግባትዎ ግን መቀበል ነው። ስለዚህ የሚጠይቁት ሂሳብ በቀነሰው ዋጋ ይሁን፤ በመጀመሪያው ዋጋ ከጠየቁ የራስዎን ክርክር ያፈርሳሉ።

የምሰጋው «ቢሮ እንፈራረማለን» የሚለውን ነው። ተዋዋዮች በጽሑፍ ለማድረግ ከተስማሙ ያ ፎርም እስኪሟላ ውሉ እንዳልተፈጸመ አንቀጽ 1726 ስለሚል ተከሳሹ ይህን ማንሳቱ አይቀርም። በእኔ እምነት ሥራውን አስጀምሮና ክፍያ ፈጽሞ ከዚህ በኋላ ወደ ፊርማው መሸሽ አይችልም፤ ያም ሆኖ አላግባብ ስለ መበልጸግ (ያለ በቂ ምክንያት በሌላው ድካም ወይም ንብረት ስለ መጠቀም) የሚናገረውን አንቀጽ 2162 በአማራጭ እንዲጠቅሱ እመክራለሁ።

መልስ 2 (የቢሮ መሐንዲስ)፦
ሲሚንቶውን የሚያቀርበው ዋናው ተቋራጭ ከነበረ፣ እያንዳንዱ ከረጢት ከስቶር የወጣበት ቫውቸር ላይ የእርስዎ ወይም የፎርማንዎ ፊርማ አለ። የወጣውን ሲሚንቶ ተለክቶ ከተፈረመው የልስን ካሬ ሜትር ጋር በባለሙያ ያስተያዩ። ገንዘብዎን የሚያስከፍልዎት ቴክ ኦፍ ራሱ «ሸጠ» የተባለውን ያፈርሳል፤ ሁለት ሥራ የሚሠራ ወረቀት ነውና ዋናውን ቅጂ ለማንም እንዳይሰጡ።

መልስ 3 (ጠበቃ)፦
ስለ ስሙ ልጨምር። አንቀጽ 2044 ሰውን የሚያስጠላ፣ የሚያስንቅ ወይም የሚያሳፍር፣ ተአማኒነቱንና ዝናውንም አደጋ ላይ የሚጥል ንግግርና ጽሑፍን እንደ ጥፋት ይቆጥራል፤ ነገሩ እውነት መሆኑን ማስረዳት ደግሞ በአንቀጽ 2047 መሠረት የጸሐፊው ሸክም ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት በካሳው ነው። የሕሊና ጉዳት ካሳ በአንቀጽ 2116 ከ1,000 ብር አይበልጥም፤ ስለዚህ ትልቁ ጥያቄ ያመለጠዎት ሥራ ነው፤ የከለከለዎት ተቋራጭ ምክንያቱን ቀርቦ እንዲመሰክር ያድርጉ። የይርጋውም (ክስ የማቅረቢያው) ጊዜ የተለያየ ነው፦ የውሉ 10 ዓመት፣ የስም ማጥፋቱ 2 ዓመት። በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 613 አቤቱታ ማቅረብም ይቻላል። እባክዎን በግሩፑ ላይ መልስ አይጻፉ፤ ቁጣ የጻፈው አንድ ዓረፍተ ነገር በእርስዎ ላይም ክስ ያስከትላል።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ፎርማኔ የቫውቸሮቹን ካርቦን ቅጂ በደብተር ጠርዞ አስቀምጦት አገኘሁ፤ አንድም አልጎደለም። የግሩፑን ጽሑፍ ቀኑና ሰዓቱ እንዲታይ አድርጌ አስቀርቻለሁ፤ ሰኞ ጠበቃ ዘንድ እሄዳለሁ።