የዕቅድ ውይይት፦ ለድሮ ጌሞቻችን ክፍል የምናስገባው የጋራ ጥያቄ

ሰብሳቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለወጣት ማዕከሉ የምናስገባው የክፍል ጥያቄ እስከ ወሩ መጨረሻ መድረስ አለበት። ረቂቁን እዚሁ እየተነጋገርን እንጻፈው። የመጀመሪያው አንቀጽ ለጊዜው እንዲህ ይላል፦ «ማኅበሩ የቆዩ የቪዲዮ ጌም ማሽኖችንና ካሴቶችን ሰብስቦ በጅማ ከተማ ለእይታ ያቀርባል።» የሚጨመር፣ የሚቀነስ ካለ በሉ።

ጠጋኙ፣ ከኮቺ፦
ጋሼ፣ «ለእይታ» የምትለዋ አልተዋጠችልኝም። የማይበራ ጌም መስታወት ውስጥ ቢቀመጥ ማን ሊያየው ይመጣል? ሰው ጆይስቲኩን ካልጨበጠ አይቆምም። ጥገና ይቅደም፣ እይታው ከዚያ ይከተላል።

ተማሪው፣ ከቂጦ ፉርዲሳ፦
እኔ ደግሞ ኦርጅናል እንግዛ ባይ ነኝ። የኔንቲዶው የጌም ማሽን ፋሚኮም ጃፓን ውስጥ የወጣው በፈረንጆቹ 1983 ነው። የሴጋው ሜጋ ድራይቭ በ1988፣ የሶኒው ፕሌይስቴሽን በ1994 ተከተሉ። ሦስቱን በኦርጅናላቸው ሳናስቀምጥ ስብስብ አለን ብንል ሰው ይስቅብናል። እጃችን ላይ ያለው አብዛኛው የፋሚኮም የቻይና ቅጂ ነው።

የጌም ቤቷ ባለቤት፣ ከሂርማታ፦
የኔ ልጅ፣ እኛ ሰፈር ማን በኦርጅናል ፋሚኮም ተጫወተ? የእኔ ደንበኞች የሚያውቁት ቅጂውን ነው። ቢጫዋ ካሴት ትዝ አትልህም? ላይዋ ላይ «9999999 በ1» ተብሎ ተጽፎ፣ ሲከፈት እነዚያው ጥቂት ጌሞች ስም እየቀያየሩ ይደጋገማሉ። አንዱ ላይ ሦስተኛ ደረጃ ያስጀምርሃል፣ ሌላው ላይ ጠላቶቹን ያፈጥንብሃል፣ ሌላ ልዩነት የለውም። ልጆች ግን ዝርዝሩን እስከ ታች ድረስ ይፈትሹ ነበር፣ ምናልባት አዲስ ጌም ይገኝ እንደሆነ። ኦርጅናሉን ጃፓኖች ያስቀምጡት። የእኛን እኛ ካልያዝነው ቆራሌው ይወስደዋል፤ እየወሰደውም ነው።

ጠጋኙ፦
እህታችን ያለችው ልክ ነው። ጣጣውንም ልንገራችሁ። ቅጂውን ስትከፍቱት ቦርዱ ላይ እንደ ቀለጠ ሬንጅ ጠብ ያለ ጥቁር ነገር ታያላችሁ። ቺፑ ከሥሩ ነው። እሱ ከሞተ አለቀ፣ ካውያ የሚሠራው ነገር የለም። የሚመጣልኝ ብልሽት ግን ብዙውን ጊዜ እሱ አይደለም። ወይ አዳፕተር የሚሰካበት ቀዳዳ ላልቷል፣ ወይ ማብሪያው ዝጓል፣ ወይ የጆይስቲኩ ገመድ አንገቱ ላይ ተበጥሷል። 5 ቮልት የሚያወጣው ሬጉሌተርም ይቃጠላል፤ እሱን መቀየር ቀላል ነው። ስለዚህ «ሞቷል» ተብሎ የተጣለ ሁሉ አልሞተም።

ለተማሪው ወንድሜ፦ የጃፓኑ ፋሚኮም አዳፕተር ለ100 ቮልት የተሠራ ነው። የእኛ ሶኬት 220 ነው። ያለ ትራንስፎርመር የሰካው ሰው የሚያየው ጌም ሳይሆን ጭስ ነው። ሜጋ ድራይቭም የመጀመሪያው ሞዴል መሰኪያው መሐሉ ኔጌቲቭ ሲሆን የሁለተኛው ፖዘቲቭ ነው። ስሙ ያው፣ አዳፕተሩ ሌላ። ረቂቁ ላይ ይግባልኝ፦ «አዳፕተር በቴስተር ሳይለካ አይሰካም።»

ተማሪው፦
እሺ፣ ቅጂው ዋናው ይሁን። ግን ቢያንስ አንድ ኦርጅናል ይኑረን። ጎን ለጎን ከፍተን ስናሳይ ነው ቅጂው ምን እንደቀነሰ፣ ምን እንደጨመረ የሚታየው። ይህን አንድ ነገር አልለቅም።

ገንዘብ ያዥ፦
አንድ ከሆነ ልስማማ። ከዚያ በላይ ካዝናው አይችልም። መጀመሪያ የሥራ ዕቃ ይገዛ፦ ካውያ፣ ቴስተር፣ አልኮል። ካቻቢቴ ሁላችንም ቤት አለ።

ጠጋኙ፦
ካቻቢቴው ለቅጂዎቹ ይበቃል። አንዳንድ የኔንቲዶና የሴጋ ኦርጅናሎች ላይ ግን አይገባም። ብሎናቸው ለየት ያለ ራስ አለው፤ ለካሴቶቹ 3.8 ሚሊ ሜትር፣ ለማሽኖቹ 4.5 የሚባል መፍቻ ይፈልጋል። የእስክሪብቶ ቀፎ ጫፉን በእሳት አለስልሶ ብሎኑ ላይ መጫን ይቻላል። ሲበርድ የብሎኑን ቅርጽ ይይዛል፣ አንድ ሁለቴም ይፈታል። ማኅበር ነን ካልን ግን መፍቻው ይገዛ እንጂ እስክሪብቶ ስናቀልጥ አንታይ።

ሌላው፣ ካሴት እፍ ማለት በጽሑፍ ይከልከል።

የጌም ቤቷ ባለቤት፦
እፍ ሳይባል የሚጀምር ጌም አለ እንዴ?

ጠጋኙ፦
የሚያስነሳው ነቅሎ መልሶ መሰካቱ ነው፣ እትዬ። ሲሰካ እግሮቹ ይፋተጉና ይገናኛሉ። ትንፋሽ እርጥበት ነው፣ ብረቱን ያዝገዋል። በጅማ ዝናብ ላይ ደግሞ የእኛ ምራቅ ምን ያደርጋል? በአልኮል በራሰ ጥጥ በቀስታ መጥረግ ነው። ከፋርማሲ የሚገዛው ባለ 70 ፐርሰንቱ ውኃ ስላለበት ከተጠረገ በኋላ በደንብ ይድረቅ። ባለ 90 እና ከዚያ በላይ ከተገኘ ይሻላል። አረቄ ያለኝ ሰው ነበር፤ አረቄውን ለባለቤቱ ተዉለት።

አዲሷ አባል፣ ከመርካቶ፦
እኔም አንድ ነገር ላስገባ። አንዳንድ ካሴት ውስጥ ክብ ባትሪ አለ። የተጫወታችሁበትን ቦታ የሚያስቀምጠው እሱ ነው። ባትሪው ሲነቀል የተቀመጠው ሁሉ ይጠፋል። አረብ አገር ያለው ወንድሜ እኔ ጋ የተወው ካሴት አለ፤ ስሙ እስካሁን ስክሪኑ ላይ ይወጣል። ለክፍሉ ባመጣው ደስ ይለኛል። ግን አንድ ሰው ለደግ ብሎ ባትሪ ቢቀይርብኝ ይቅር የምለው አይመስለኝም።

ጠጋኙ፦
እውነት አላት። እኔ ብሆን አይቼ ዝም አልልም ነበር፣ ያረጀ ባትሪ ሊፈስና ቦርዱን ሊበላ ይችላል። ቢሆንም ውሳኔው የባለቤቱ ነው። ይጻፍ፦ «ባለቤቱ ሳይፈቅድ ባትሪ አይነቀልም።» ይልቅ በየጊዜው እየከፈትን እንየው። እህቴ፣ ወንድምሽን ደውለሽ ጠይቂው።

ገንዘብ ያዥ፦
መደርደሪያ ረስተናል። የጅማ አናጢ እያለ ከሌላ ቦታ ማስመጣት ነውር ነው፣ እዚሁ ይሠራ። ከግድግዳው ፈቀቅ ብሎ ይቁም፣ ክረምት ላይ ግድግዳው ያልባል። ከጫማ ካርቶን የሚወጡትን «አይበላም» የተጻፈባቸውን ትንንሽ ከረጢቶች አትጣሉ፤ እርጥበት ይመጥጣሉ፣ ካሴት ሳጥን ውስጥ እንጨምራቸዋለን። ነፃ ናቸው፣ ስለዚህ እወዳቸዋለሁ።

የጌም ቤቷ ባለቤት፦
ቴሌቪዥኑስ? ስክሪኑ ላይ ዳክዬ የሚተኮስበት የጌም ሽጉጥ በስስ ቲቪ አይሠራም። ኋላው ወፍራም የሆነው የድሮው ካልሆነ ዳክዬዋ አትወድቅም። የእኔን እሰጣለሁ፣ ይሠራል።

ጠጋኙ፦
እናመሰግናለን። ግን ኋላውን ማንም እንዳይከፍት ማስጠንቀቂያ ይለጠፍበት። ከሶኬት ተነቅሎም ውስጡ ኃይለኛ ኮረንቲ ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ ልጆች በሚገቡበት ክፍል በዚህ ነገር አልደራደርም።

ሰብሳቢ፦
መጀመሪያው አንቀጽ እንዲህ ተቀየረ፦ «ማኅበሩ የጅማ ልጆች የተጫወቱባቸውን የቪዲዮ ጌም ማሽኖችና ካሴቶች፣ ቅጂዎቹን ጨምሮ፣ ይሰበስባል፤ ይጠግናል፤ ሰው እንዲጫወትባቸው ክፍት ያደርጋል። ለማነጻጸሪያ አንድ ኦርጅናል ማሽን ይገዛል።» የአዳፕተሩ፣ የእፍ ማለቱ፣ የባትሪውና የቴሌቪዥኑ ደንብ በሁለተኛው አንቀጽ ይገባል። የዕቃ ዝርዝሩን ገንዘብ ያዥ ዋጋ ጠይቆ ያያይዘው። አርብ ከጁሙዓ በኋላ ንባብ አለን፣ ከዚያ ፊርማ። ቴሌቪዥኑን ከሂርማታ የሚሸከሙ ሁለት ጎረምሶች እፈልጋለሁ።

ተማሪው፦
አንዱ እኔ ነኝ።

ገንዘብ ያዥ፦
የባጃጁ ሒሳብ ከየትኛው በጀት ነው?

ሰብሳቢ፦
ከመዋጮው። ደረሰኝ ባይኖረውም ጻፈው።