«በተጠንቀቅ ቆመ»፣ «ዛተ»፣ «እኩለ ሌሊት ሊሆን ነው»፦ የኒውክሌር ጦርነት ዜና እንዴት ይነበብ?

መቅረጸ ድምፅ (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ለሳምንታዊ የሬዲዮ ዝግጅት የ25 ደቂቃ ውይይት እየተሰናዳ ነው። ርእሱ የኒውክሌር ጦርነት ስጋት በአደባባይ እንዴት እንደሚወራ ነው። ከ2022 ወዲህ የወጡ የአማርኛ አርእስተ ዜናዎች ሲደረደሩ ሦስት ዓይነት ሆነው ተገኙ፤ «ዓለም ገደል አፋፍ ላይ ናት»፣ «መሪው ቁልፉን ሊጫኑ ነው»፣ «ባዶ ፉከራ ነው፣ አትስጉ»። ሦስቱም ለአድማጭ የሚጨብጡት ነገር አያስጨብጡም።

ጥያቄዎቼ፦ አንድ መሪ ሲዝት እውነተኛ የዝግጁነት ለውጥ መኖር አለመኖሩ በምን ይታወቃል? «የምጽአት ቀን ሰዓት» የሚባለውን እንደ ማስረጃ መጥቀስ ያስኬዳል? የኒውክሌር አረር (ሚሳኤል ወይም አውሮፕላን የሚሸከመው ፈንጂ) ብዛት ሲነገር አንዱ 12 ሺህ፣ ሌላው 4 ሺህ ገደማ፣ ሌላው 1,550 ይላል፤ የቱ ነው ልኩ? «ዲተረንስ»ንስ «መከላከያ» ብንለው ምን ችግር አለው? ቀኖቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ብትሰጡኝ ይቀለኛል።

ደጀን ዘትርጉም

ፉከራ ሌላ፣ ክተት ሌላ። ሁለቱንም አገራችን አሳምሮ ያውቃቸዋል፤ ስለ ኒውክሌር ስናወራ ግን እንቀላቅላቸዋለን።

ፌብሩዋሪ 27 ቀን 2022ን እንውሰድ። ፑቲን ለመከላከያ ሚኒስትሩ ሾይጉና ለኤታማዦር ሹሙ ጌራሲሞቭ በቴሌቪዥን ፊት የሰጡት ትእዛዝ «ገቺ ኃይሎችን ወደ ልዩ የውጊያ ተረኝነት ሥርዓት አዛውሩ» የሚል ነበር፤ ገቺ የሚባሉት በዋናነት የኒውክሌር ኃይሎቹ ናቸው። ይህ «ልዩ ሥርዓት» ከዚያ በፊት በይፋ ከሚታወቁት የዝግጁነት ደረጃዎች አንዱ አልነበረም፤ ስለዚህ ማንም የፈለገውን ሊሞላበት ቻለ። በማግስቱ ሾይጉ ያቀረቡት ሪፖርት የስትራቴጂክ ሚሳኤል ኃይል፣ የሰሜንና የፓስፊክ ባሕር ኃይሎች፣ የረዥም ርቀት አቪዬሽን ማዘዣዎች ተረኞች በተጠናከረ የሰው ኃይል ሥራ ጀምረዋል የሚል ነው። በቃ፤ ተረኛ ተጨመረ። አሜሪካም የራሷን ደረጃ አልቀየረችም። እንዲያውም በዚያው ሳምንት የተያዘ የሚኒትማን 3 አህጉር አቋራጭ ሚሳኤል ሙከራ አዘገየች፣ በኋላም ሰረዘችው። በአማርኛ ግን ዜናው «በተጠንቀቅ አቆሙ» ሆነ። «በተጠንቀቅ» ሲባል አድማጭ የሚታየው ጣቱን ምላጭ ላይ ያሳረፈ ወታደር ነው።

ክተት ከሆነ የሚንቀሳቀስ ዕቃ አለ። የሩሲያ የአጭር ርቀት ኒውክሌር አረሮች ከሚሳኤሉና ከአውሮፕላኑ ተለይተው፣ 12ኛው ዋና ዳይሬክቶሬት በሚባል ክፍል በሚጠበቁ መጋዘኖች ነው የሚቀመጡት። ለመጠቀም ከመጋዘን መውጣት፣ በልዩ ተሽከርካሪ ወይም በባቡር በአጀብ መጓዝ፣ ተኳሹ ክፍል ዘንድ ደርሰው መገጠም አለባቸው። ወደብ ላይ ያሉ ሰርጓጅ መርከቦች ይወጣሉ፣ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ወደ ሌሎች ማረፊያዎች ይበተናሉ። ይህ ሁሉ ቀን ይፈጃል፤ ብዙ ዓይንም ያየዋል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። መለኪያው ለአጭር ርቀቶቹ እንጂ ለአህጉር አቋራጮቹ አይሠራም። በሳይሎ ጉድጓድ ያለ ሚሳኤል አረሩ በሰላሙም ጊዜ ተገጥሞለት ነው የሚኖረው፤ ትእዛዝ በደረሰው በደቂቃዎች ውስጥ ይወነጨፋል። ስለዚህ «ምንም አልተንቀሳቀሰም» ማለት «ምንም ሊሆን አይችልም» ማለት አይደለም።

ለአዘጋጅ የምመክረው ቅደም ተከተል ይህ ነው። መጀመሪያ የንግግሩን ሙሉ ጽሑፍ ያግኙ። ተናጋሪው ትእዛዝ መስጠት የሚችል ሰው ነው ወይስ የቀድሞው ፕሬዝዳንት ሜድቬዴቭ በቴሌግራም የለጠፉት ነው? ቀጥሎ «ከሆነ» የሚለውን ይፈልጉ። አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ አርእስት ሲያጥር መጀመሪያ የሚቆረጠው ቅድመ ሁኔታው ነው፤ «እንዲህ ቢደረግብን እንጠቀማለን» ተቆርጦ «ለመጠቀም ዛቱ» ይሆናል። በኖቬምበር 2024 የወጣው የሩሲያ ዶክትሪን (ኒውክሌር መቼ መጠቀም እንደሚቻል የሚደነግገው ሰነድ) ጥሩ ምሳሌ ነው። ብዙዎች «ኒውክሌር መጠቀምን የሚፈቅድ ሕግ» አሉት፤ የ2020ውም ይፈቅድ ነበር። የተለወጠው ደፉ፣ ማለትም መጠቀም የሚፈቀድበት ወሰን ነው፤ በመደበኛ መሣሪያ ለሚሰነዘር ጥቃት የቀድሞው «የመንግሥቱ ህልውና ራሱ» ይል ነበር፣ አዲሱ «ለሉዓላዊነት ወይም ለግዛት አንድነት ከባድ አደጋ» ይላል፤ ቤላሩስንም ጨምሯል። ዜናው ያ ነበር።

«መከላከያ»ን ይተዉት። በእኛ ቋንቋ መከላከያ ሠራዊቱ ነው፤ ወይም የመጣን ሚሳኤል አየር ላይ የሚመታ ጋሻ ይመስላል። ዲተረንስ ጋሻ የለውም፤ «ብትመታኝ እመታሃለሁ» በሚል ፍርሃት ሌላውን መግታት ነው። መጀመሪያ ሲነሳ በአንድ ዐረፍተ ነገር አስረድተው ከዚያ «ገቺ ኃይል» ቢሉት ይበቃል።

ቀመረ ሌሊት

ስለ ሰዓቱ። መለኪያ መሣሪያ አይደለም። በ1947 የአቶሚክ ሳይንቲስቶች ቡለቲን ለመጽሔቱ ሽፋን ያሠራው ሥዕል ነው፤ የሣለችው ማርቲል ላንግስዶርፍ ለእኩለ ሌሊት፣ ማለትም ለዓለም ጥፋት፣ ሰባት ደቂቃ ሲቀረው ያቆመችው ለዓይኗ ስላማራት እንደሆነ ራሷ ተናግራለች። እስከ 1973 እጁን የሚያንቀሳቅሰው የመጽሔቱ አዘጋጅ ዩጂን ራቢኖዊች ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ባለሙያዎች ተሰብስበው ተወያይተው ነው። በ1953 ሁለት ደቂቃ፣ በ1991 አሥራ ሰባት ደቂቃ፣ በ2023 ዘጠና ሰከንድ፣ በ2025 ሰማንያ ዘጠኝ ሰከንድ።

ለአድማጭ ቢነገር የሚጠቅመው ግን ይህኛው ነው። በኦክቶበር 1962፣ አሜሪካና ሶቪየት በሚሳኤል በተፋጠጡበት የኩባ ቀውስ ወቅት፣ ሰዓቱ ሰባት ደቂቃ ላይ ነበር፤ አልተንቀሳቀሰም። የተንቀሳቀሰው በ1963፣ ያውም ወደ ኋላ፣ ወደ አሥራ ሁለት ነው፤ ምክንያቱም ከፊል የሙከራ እገዳ ስምምነት ተፈረመ። ከ2007 ጀምሮ ደግሞ የአየር ንብረት ለውጥም ይገባበታል። ስለዚህ «89 ሰከንድ» ሲሉ የኒውክሌሩ ድርሻ ስንት እንደሆነ ከቁጥሩ አይለይም። የ2025ን ከ1953 ጋር አስተያይቶ «ዛሬ ከዚያ ይብሳል» ማለት የተለያየ ነገር የሚመዝኑ ሁለት ሚዛኖችን ማነጻጸር ነው።

ይጥቀሱት፣ ግን «ባለሙያዎቹ ተወያይተው የሰጡት ፍርድ» ብለው ይጥቀሱት። «ሰዓቱ አሳየ» አይበሉ፤ ሰዓቱ የሚያሳየው ነገር የለም።

ሰናይት ፯

የወንድሜ የደጀን ትንታኔ ግሩም ነው፤ ግን ብቻውን ከተነገረ አድማጩ «ፉከራ ነው» ወደሚለው ያጋድላል። «መሪዎቹ አያብዱም» የሚለው ክርክር አደጋው ሁሉ ከፈቃድ ይመጣል ብሎ ይነሳል። መዝገቡ ሌላ ይናገራል።

ኖቬምበር 9 ቀን 1979 በአሜሪካ የአየር መከላከያ ማዘዣ ኮምፒውተር ላይ ለሥልጠና የተዘጋጀ የጥቃት መረጃ እንደ እውነተኛ ታየ። ጁን 1980 ላይ የተበላሸች የ46 ሳንቲም ቺፕ ናት ጉዱን ያመጣችው። መስመሩ መሥራቱን ለማረጋገጥ ሁልጊዜ የሚላክ መልእክት ነበር፣ የሚሳኤሉ ብዛት የሚጻፍበት ቦታ ላይ ዜሮዎች ተሞልተው። ቺፗ ስትታመም በዜሮዎቹ ፈንታ 2 መጻፍ ጀመረች፤ «000» የነበረው አንዴ «002»፣ አንዴ «200» እየሆነ ወጣ። ችግሩ ቺፗ ብቻ አይደለችም፤ የሙከራው መልእክትና የእውነቱ መልእክት ቅርጽ አንድ መሆኑ ነው። ሴፕቴምበር 26 ቀን 1983 የሶቪየት ሳተላይት አምስት ሚሳኤል ተተኩሷል አለ፤ ከደመና አናት የነጸረቀ የፀሐይ ብርሃን ነበር። ተረኛው ስታኒስላቭ ፔትሮቭ የሐሰት ማንቂያ ነው ብሎ አስተላለፈ።

ቅርብ ከፈለጉ፣ ማርች 9 ቀን 2022 ከሕንድ በስሕተት የተተኮሰ ብራህሞስ ሚሳኤል ፓኪስታን ውስጥ ወደቀ። አረር አልያዘም ነበር፤ ሁለቱም አገሮች ግን ኒውክሌር ታጣቂ ናቸው። ያን ሳምንት ዓለም ሁሉ ዓይኑ ዩክሬን ላይ ስለነበር ወሬው ብዙም ሳይቆይ ተረሳ። ማንም ስላልዛተ ይመስለኛል። አርእስተ ዜና የሚወደው ተናጋሪ ያለበትን አደጋ ነው።

አባ ቁጥር

ሦስቱም ቁጥሮች ልክ ናቸው፤ የሚመልሱት ጥያቄ ነው የሚለያየው። የስቶክሆልሙ የሰላም ምርምር ተቋም፣ ሲፕሪ፣ ለጃንዋሪ 2025 ያወጣው ግምት፦ በዓለም ያለው በጠቅላላ 12,241፤ ከዚህ ውስጥ ለጦር ኃይሎች አገልግሎት የተቀመጠው 9,614 (ቀሪው ከአገልግሎት ወጥቶ መፈታታት የሚጠብቅ አሮጌ ነው)፤ ሚሳኤል ላይ የተገጠመ ወይም ቦምብ ጣይ ባለበት ጣቢያ ያለ 3,912፤ ከዚያም ውስጥ ወደ 2,100 የሚሆነው በከፍተኛ ዝግጁነት ላይ ያለ፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም የሩሲያና የአሜሪካ። 1,550 ደግሞ ኒው ስታርት የተባለው ስምምነት ለሁለቱ አገሮች ለእያንዳንዳቸው የጣለው ጣሪያ ነበር። በዚያ ስምምነት አንድ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን የቱንም ያህል ቢሸከም እንደ አንድ አረር ይቆጠር ነበር፤ የስምምነቱ ቁጥርና የሲፕሪ ቁጥር የማይገጥሙት አንዱም በዚህ ነው።

ስለ ደቂቃዎች ስታወሩ 2,100ን፣ ስለ ትጥቅ ቅነሳ ስታወሩ 12,241ን ተጠቀሙ። በ1986 ከ70 ሺህ በላይ ነበር ብላችሁ ቁልቁለቱን ካሳያችሁ ግን የቀነሰው በአብዛኛው አሮጌ ስለተፈታታ መሆኑንም ጨምሩበት።

የኢራንም ነገር ይነሳባችሁ ይሆናል። «ቦምብ ለመሥራት ሳምንታት ቀርተዋታል» ሲባል የነበረው ዩራኒየሙን ወደ መሣሪያ ደረጃ ለማበልጸግ የሚፈጀው ጊዜ ነው። አረር ነድፎ፣ ፈንጂውን ገጥሞ፣ ሚሳኤል ላይ እንዲቀመጥ ማድረግ ሌላ ሥራ ነው፤ ሌላ ጊዜም ይወስዳል። አማርኛው ሁለቱንም «ቦምብ መሥራት» ይላቸዋል።

መቅረጸ ድምፅ

እግዜር ይስጥልኝ፤ ግማሹ ዝግጅት አለቀልኝ። ሁለት ቀሩኝ። «ታክቲካል» ማለት «አነስተኛ» ነው ብሎ መተርጎም ልክ ነው? «5 ቢሊዮን ሰው ያልቃል» የሚለውስ ከየት መጣ?

ደጀን ዘትርጉም

«አነስተኛ» አይበሉ። ታክቲካል የሚባለው በታለመለት ዒላማና በሚጓዝበት ርቀት እንጂ በጉልበቱ ብቻ አይደለም። ሂሮሺማ ላይ የወደቀው 15 ኪሎ ቶን ገደማ ነበር (አንድ ኪሎ ቶን የሺህ ቶን ቲኤንቲ ፈንጂ ጉልበት ነው)። የአሜሪካው ቢ61-12 ቦምብ ጉልበቱ ከ0.3 እስከ 50 ኪሎ ቶን እንዲስተካከል ሆኖ የተሠራ ነው ይባላል፤ «አነስተኛ» ከተባሉት አንዱ ከሂሮሺማው ሦስት እጥፍ ሊበልጥ ይችላል ማለት ነው። ኪሎ ቶኑን ይናገሩ፣ ሂሮሺማን አጠገቡ ያስቀምጡ፣ አድማጩ ራሱ ይፍረድ።

ሰናይት ፯

5 ቢሊዮኑ በ2022 ኔቸር ፉድ በተባለ የምርምር መጽሔት ከወጣ ስሌት ነው። አብዛኛው ሟች በፍንዳታው አይደለም፤ በረሃብ ነው። ሩሲያና አሜሪካ 4,400 አረሮችን፣ እያንዳንዱ 100 ኪሎ ቶን፣ ቢተኩሱ ከሚቃጠሉት ከተሞች 150 ሚሊዮን ቶን ጥላሸት ወደ ላይኛው ከባቢ አየር ይወጣል፣ ፀሐይን ይጋርዳል፣ እህል ይመነምናል፣ የአገሮች ንግድም ይቆማል ብሎ ያሰላል። በዚያው ጥናት ትንሹ ስሌት 5 ሚሊዮን ቶን ጥላሸት ነው፤ እሱም ቢሆን ሩብ ቢሊዮን ገደማ ሰው በረሃብ ያልቃል ይላል። ክርክሩ ያለው ጥላሸቱ ላይ ነው፤ ስንቱ ከተማ ይነዳል፣ ጭሱስ ምን ያህል ከፍ ይላል? በ2018 የሎስ አላሞስ ተመራማሪዎች ለሕንድና ለፓኪስታን ጦርነት ባካሄዱት ስሌት ወደ ላይ የሚወጣው በጣም ያነሰ ሆኖ አግኝተውታል። «5 ቢሊዮን»ን ከጠቀሱ «150 ሚሊዮን ቶን ጥላሸት ከወጣ» የምትለዋ አብራ ትሂድ።

አንድ የተረሳ ነገር ልጨምር፤ ጉዳዩን «የኃያላን ጠብ ነው፣ እኛን አይመለከትም» የሚል ደዋይ አይጠፋም። ኖቬምበር 24 ቀን 1961 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ያጸደቀው ውሳኔ 1653 የኒውክሌር መሣሪያን መጠቀም የመንግሥታቱን ቻርተር መጣስና በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው ይላል። ሐሳቡን ካቀረቡት አገሮች ግንባር ቀደሟ ኢትዮጵያ ነበረች። 55 ደገፉ፣ 20 ተቃወሙ፣ 26 ድምፅ አልሰጡም፤ ከተቃወሙት መካከል አሜሪካና እንግሊዝ ነበሩ። ውሳኔው የ1925ቱን የጄኔቫ የመርዝ ጋዝ ክልከላም ያስታውሳል፤ ያ ክልከላ ሲጣስ ምን እንደሚመስል ከአሥራ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ አምስቱ ወረራ ጀምሮ የሚያውቅ አገር ያቀረበው መሆኑን ለደዋዩ ይንገሩት።

ቀመረ ሌሊት

ለድምፅ ባለሙያው አንዲት ማሳሰቢያ። ውይይቱን ለማድመቅ ተብሎ ከበስተጀርባ የሳይረን ወይም የስልክ አደጋ ማንቂያ ድምፅ አታስገቡ። ጃንዋሪ 13 ቀን 2018 ሃዋይ ውስጥ «ሚሳኤል እየመጣ ነው፣ ይህ ልምምድ አይደለም» የሚል መልእክት በስሕተት በየስልኩ ገብቶ፣ ማረሚያው በስልኮቹ የደረሰው ከ38 ደቂቃ በኋላ ነው፤ አስቀድሞ የተዘጋጀ የማረሚያ መልእክት አልነበረም። ዝግጅቱ በአሜሪካ በኤፍኤም ጣቢያም የሚተላለፍ ከሆነ ደግሞ የመንግሥትን የማስጠንቀቂያ ድምፅ ያለ አደጋ ማሰራጨት ክልክል ነው፤ ጣቢያው ይቀጣበታል። ማድመቂያ ከፈለጋችሁ የሰዓት ቆጠራ ድምፅም ይቅር፤ ዋሽንት ይበቃል።