ቡናው፣ እንጨቱና ማተሚያው አንድ ኪስ ሆኑብኝ

ሰላም ናችሁ? ከጅማ ነኝ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

እኔና ታላቅ ወንድሜ አንድ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አለን። በሥሩ የቡና መፈልፈያ፣ የእንጨት ሥራ ቤትና አንዲት ማተሚያ ቤት አሉ። ምን ያገናኛቸዋል? ምንም! አባታችን ያገኘውን ሁሉ ሲጀምር ኖሮ ነው ያለፈው።

ችግሩ ሦስቱም አንድ የባንክ ሂሳብ ነው ያላቸው። ጥቅምት ሲገባ ቡናው ብሩን ሁሉ ይውጠዋል። አምና እንጨት መግዣ ጠፍቶ፣ የበርጩማ ትዕዛዝ ተቀብለን አናጢዎቹ ሁለት ሳምንት ካርታ ሲጫወቱ ከረሙ። ማተሚያው ያተርፋል ብዬ አስባለሁ። አስባለሁ ነው የምለው፣ በምን አውቄ! ደብተሩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ከማተሚያ ለቡና 40,000፣ ይመለሳል» ተብሏል። ከሥሩ በሌላ እጅ ጽሑፍ፣ «የት ይመለሳል!»

በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አንድ ኩባንያ ሌሎችን በሥሩ ይዞ በቡድን እንዲሠራ መንገድ ከፍቷል። እኔ እያንዳንዱን ለይቼ፣ ከላይ ሆልዲንግ ኩባንያ ላቁም ባይ ነኝ። ወንድሜ ግን «ከአንድ ድስት እየበላን ምን ያለያየናል?» ይላል። ሦስት ፈቃድ፣ ሦስት ኦዲት፣ ሦስት የግብር ማስታወቂያ ማለትም ነው። እሱስ እውነቱን ነው።

የሞከራችሁት ካላችሁ፦ ከተለያዩ በኋላ ግብር ሲሰላ የቡናው ኪሳራ ከማተሚያው ትርፍ መቀናነሱ ቀረ? ብር ሲበዳደሩስ ውል ትጽፋላችሁ? ወይስ ለጊዜው ሦስት የባንክ ሂሳብ መክፈት ይበቃኛል? ሰኔ 30 ሳይደርስ መወሰን አለብኝ።