የጅሬን መንገድ የካምፕ መኪና ማረፊያ፦ የመብራቱን ክፍል አብረን እንጻፍ

ሰብሳቢ
ሰላም ለሁላችሁም። አባላችን በፈቀዱልን የጅሬን መንገድ ቦታ ላይ የካምፕ መኪና ማረፊያ ለመሥራት የጋራ ፕሮፖዛል እያዘጋጀን ነው። በውሃው፣ በመጸዳጃውና በአጥሩ ተስማምተናል። የቀረን መብራቱ ነው። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቶ የመጣ፣ ነገ ወደ ቦንጋ ወይም ወደ ሚዛን የሚቀጥል እንግዳ ጅማ ላይ ማደሩ አይቀርም። የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ማየት የሚፈልግ ደግሞ ሁለት ሌሊትም ይቆያል። እነዚህ ሰዎች ቤታቸውን ይዘው ነው የሚዞሩት። ፍሪጃቸውንና ባትሪያቸውን የሚሰኩበት ይፈልጋሉ። ረቂቁ አሁን «ግድግዳው ላይ አሥር ሶኬት» ይላል። እስቲ ሐሳባችሁን አምጡ።

ኤሌክትሪሺያን አባል
«አሥር ሶኬት» የሚለው እንዲወጣ እጠይቃለሁ። የሰው ሕይወት ጉዳይ ስለሆነ ትንሽ ላብራራ።

የካምፕ መኪና በጎማ ላይ የቆመ የብረት ቤት ነው። ጎማው ከመሬት ይለየዋል። ውስጥ አንድ ሽቦ ተልጦ ቦዲውን ከነካ፣ ግራውንድ (ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ) ከሌለ፣ መኪናው በሙሉ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆማል። ውስጥ የተቀመጠው ሰው ምንም ላይሰማው ይችላል። የሚያዘው ውጭ እርጥብ ሣር ላይ በባዶ እግሩ ቆሞ እጀታውን የሚጨብጠው ልጅ ነው። የኛ ዝናብ ደግሞ ክረምትን ብቻ አይጠብቅም፤ ከመጋቢት ጀምሮ ሣሩ እርጥብ ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱ ቦታ የራሱ ብሬከር (ከልክ በላይ ሲጫን የሚቆርጥ) እና የራሱ አርሲዲ ይኑረው። አርሲዲ ማለት ከመስመሩ አፈትልኮ ወደ መሬት የሚሄድ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ወዲያው የሚቆርጥ መከላከያ ነው። የምንፈልገው የ30 ሚሊአምፔሩን ነው። ለሁሉም አንድ ብቻ እናድርግ የሚል ሐሳብ ይመጣል፤ አልስማማም። የአንዱ ዕቃ እርጥበት በነካው ቁጥር የሁሉም መብራት ይጠፋል። እንግዳ ሲማረር ጥበቃው «ነቅለህ በቀጥታ አድርገው» ይባላል። አደጋውም ያኔ ይመጣል።

ሶኬቱም የቤት ሶኬት አይሁን። በአውሮፓ ካምፖች የተለመደው ሰማያዊው፣ ክብ፣ ባለ 3 እግር የኢንዱስትሪ ሶኬት ነው። 16 አምፔር ይሸከማል። ክዳኑ በስፕሪንግ ራሱ ይዘጋል፤ ዝናብ አያስገባም። የግራውንዱ እግር ከሁለቱ ወፈር ስለሚል ገልብጦ መሰካት አይቻልም። የቤታችን ክብ ስፒና ግን በሁለቱም በኩል ይገባል። አንዴ ፌዝ (ኤሌክትሪክ የያዘው ሽቦ) በግራ፣ አንዴ በቀኝ ይሆናል።

የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት
እኔ የማውቀው በአምፔር አይደለም። አንድ ቦታ ምን ምን ይችላል? እንግዳዬ ሲጠይቀኝ ምን ብዬ ልመልስ?

ኤሌክትሪሺያን አባል
ጥሩ ጥያቄ ነው እህቴ። 16 አምፔርን በ220 ቮልት ስናባዛ 3520 ዋት ይመጣል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ይህን ያህል ሊወስድ ይችላል፤ እንጀራ እየተጋገረ ሌላ ነገር አይሰካም ማለት ነው። ፍሪጅ፣ አምፖል፣ ላፕቶፕና የባትሪ ቻርጀር አንድ ላይ ቢሰኩ ግን ችግር የለም። ብሬከሩን የሚጥለው ውሃ ማፍያ፣ ምድጃና ማሞቂያ አንድ ላይ ሲበሩ ነው። ለእንግዳው «የሚያሞቅ ነገር አንድ በአንድ» ብለሽ ንገሪው፤ ይበቃል።

አስጎብኚ ሹፌር
በአሜሪካ መኪና የሚመጡም አሉ። አንዱ ደንበኛዬ የሱ መኪና «30 አምፔር» እንደሆነ ነግሮኛል። ከኛ 16 ይበልጣልና አይበቃውም?

ኤሌክትሪሺያን አባል
እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የአሜሪካው 30 አምፔር በ120 ቮልት ነው፤ 3600 ዋት ይሆናል። ከኛ 16 አምፔር ጋር እኩል በለው። የሚያስፈራው ቮልቱ ነው። ለ120 የተሠራ መኪና 220 ላይ በቀጥታ ከተሰካ ውስጡ ያለው ዕቃ ይቃጠላል። 220ውን ወደ 120 የሚያወርድ ትራንስፎርመር የግድ ይላል። ያም ሆኖ የኤሌክትሪኩ ምልልስ በሴኮንድ እነሱ ጋ 60 ኸርዝ፣ እኛ ጋ 50 ነው፤ ትራንስፎርመር ይህን አይለውጥም። ስለዚህ ኤርኮንዲሽነርና ማይክሮዌቭ ባይሞክሩ ይሻላል። ረጅም መንገድ የሚጓዙት ብዙዎቹ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበል ቻርጀር አላቸው፤ እሱ ይበቃቸዋል።

ትልልቆቹ የአሜሪካ መኪኖች ባለ 50 አምፔር ናቸው። ሁለት ባለ 120 መስመር አላቸው፤ ተደምሮ 12,000 ዋት። ያንን እዚህ ለመስጠት ማሰብ የለብንም። የጥበቃው ሥልጠና ላይ ግን አንድ ነገር ይጻፍ፦ ስፒናው የተለየ መኪና ሲመጣ ማንም ሽቦ ቆርጦ እንዳያገናኝ፣ መጀመሪያ ባለሙያ ይደወልለት።

ገንዘብ ያዥ
ሁሉም ልክ ነው፣ ገንዘባችን ግን ውሱን ነው። አሥር ቦታ በዚህ ጥራት አንችልም። ስድስት እናድርግና ጥራቱን አንቀንስ። ከቆጣሪው እስከ ቦታው በእርምጃ ለክቼዋለሁ፣ 60 ሜትር ያህል ነው። ባለ 2.5 ካሬ (ሚሊሜትር ካሬ) ኬብል በርካሽ አይሠራልንም?

ኤሌክትሪሺያን አባል
ስድስቱን እደግፋለሁ። ኬብሉ ላይ ግን አንቆጥብ። በ60 ሜትር ርቀት ባለ 2.5 ካሬ የመዳብ ኬብል 16 አምፔር ሲጭን 13 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል። ምሽት ላይ ቮልቴጁ ራሱ ወረድ ሲል ፍሪጅ ይጎዳል። ስሪ ፌዝ (ሦስት ፌዝ ያለው መስመር) እናመልክትና በየፌዙ ሁለት ሁለት ቦታ እናድርግ፤ እያንዳንዱ ፌዝ 32 አምፔር ይደርሰዋል። ዋናው መስመር ባለ 5 ሽቦ፣ 10 ካሬ ከሆነ በአንዱ ፌዝ ላይ ያለው ሁሉ አንዴ ቢጫን እንኳ የሚጠፋው 7 ቮልት አካባቢ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በሁለት ፌዝ መካከል 380 ቮልት አለ። እንግዳ ከጎረቤቱ ቦታ ገመድ እንዳይስብ በደንቡ ይግባ።

ምሰሶው ላይ ሶኬቱ ከመሬት ከግማሽ ሜትር በላይ፣ ከ1.5 ሜትር በታች ይሁን። መኪናው ከሚቆምበት ከ20 ሜትር አይራቅ፤ የእንግዶቹ ገመድ ብዙውን ጊዜ 25 ሜትር ነው። ገመዱ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ይፈታ። ተጠቅልሎ ብዙ ከተጫነ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። እኔ የጠገንኩት አንዱ ጥቅልል የውስጠኛው ዙር ላስቲክ ቀልጦ እርስ በርሱ ተጣብቆ ነበር፤ በቢላ ነው የለየሁት። ከውጭ ሲታይ ምንም አልሆነም።

አስጎብኚ ሹፌር
መብራት ሲጠፋስ? ግልገል ጊቤን በጎን አይተን ነው ጅማ የምንገባው፤ እንግዳ «ግድቡ እዚህ ሆኖ» ይለኛል።

ኤሌክትሪሺያን አባል
የግድቡ ቅርበት የከተማውን ማከፋፈያ መስመር አያድነውም። ግልገል ጊቤ አንድ 184 ሜጋዋት ነው፤ የሚያመነጨው ግን ለአገሪቱ ዋና መስመር ነው። ዛፍ ሽቦ ላይ ሲወድቅ እኛም እንጠፋለን። ለመጀመሪያው ዓመት ጄኔሬተር አያስፈልገንም እላለሁ። ብዙዎቹ ሶላርና ባትሪ አላቸው፤ ጥቂት ሰዓት ከሞሉ ያድራሉ። በኋላ ጄኔሬተር ከገባ የመቀያየሪያ ማብሪያ ማጥፊያ የግድ ነው። ያለ እሱ የኛ ኤሌክትሪክ ወደ መንገዱ መስመር ተመልሶ፣ ምሰሶ ላይ ወጥቶ የሚጠግነውን ሠራተኛ ይገድለዋል።

ጸሐፊ
እስካሁን ያላችሁትን አንድ አንቀጽ አድርጌዋለሁ፦

«ማኅበሩ ስድስት ቦታ ያዘጋጃል። እያንዳንዱ ቦታ ባለ 16 አምፔር ሰማያዊ ሶኬት፣ የራሱ ብሬከርና የራሱ 30 ሚሊአምፔር አርሲዲ ይኖረዋል። መስመሩ ስሪ ፌዝ ሆኖ በመሬት ውስጥ በቱቦ ያልፋል። ግራውንዱ በመለኪያ ተለክቶ ውጤቱ ይመዘገባል። ጥበቃው የአርሲዲዎቹን መሞከሪያ በየወሩ ይጫናል።»

የጎደለ ካለ ጨምሩ።

ኤሌክትሪሺያን አባል
«ግራውንዱ በበጋ ይለካ» በሉት። አፈሩ እርጥብ ሲሆን ጥሩ ቁጥር ይሰጣል፤ የካቲት ላይ ሲደርቅ ግን ሌላ ነው። በከፋው ወቅት ካለፈ ዓመቱን ሙሉ እናምነዋለን።

የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት
ማስታወቂያው በአፋን ኦሮሞ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይሁን። ሥዕልም ይኑረው፤ የተፈታ ገመድ፣ የተዘጋ ክዳን። ጥበቃችንም እንግዳውም በአንድ እይታ ይገባቸዋል።

ገንዘብ ያዥ
ክፍያው ከማደሪያው ጋር ይካተት። ግን ሁለት ዓይነት ይሁን። አራቱን ቦታ በ10 አምፔር ብሬከር ዝቅ ባለ ዋጋ፣ ሁለቱን በ16። ባትሪ ብቻ የሚሞላው ሰው የማሞቂያ ተጠቃሚውን ሒሳብ መክፈል የለበትም። ኬብሉም ሶኬቱም ያው ስለሆነ፣ ፈላጊ ከበዛ ብሬከር ቀይረን ወደ 16 እናሳድጋለን።

ሰብሳቢ
የገንዘብ ያዣችን ሐሳብ ጥሩ ነው፤ አንቀጹ ውስጥ ይግባ። የበጋውም ልኬት ይጨመር። ለመብራት ኃይል የስሪ ፌዝ ማመልከቻ ከማስገባታችን በፊት 60 ሜትሩ በሜትር ይለካልን፤ በእርምጃ የተለካ ቁጥር ፕሮፖዛል ላይ አይጻፍም። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ቦታው ላይ እንገናኝ። ሜትር ያለው ይዞ ይምጣ። ከመርካቶ ዕቃ የሚያመላልስ አባል ካለ ደግሞ የስድስቱን አርሲዲና የ10 ካሬውን ኬብል ዋጋ ከሦስት ሱቅ አጻጽፎ ያምጣልን።