የቤት ሽያጭ ውል ልፈርም ነው፣ ሁለት አንቀጾች ግን አልገቡኝም

ሰላም ለሁላችሁ። ቤት ልገዛ ነው። ፊርማው ሐሙስ ነው። ውሉን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ አሁንም ሁለት ቦታ ላይ ተቸክያለሁ።

አንደኛው የቀብዱ ጉዳይ ነው። «ገዢ በማናቸውም ምክንያት ግዢውን ካልፈጸመ የሰጠው ቀብድ ለሻጭ ገቢ ይሆናል» ይላል። እኔ ደግሞ አብዛኛውን ዋጋ የምከፍለው በባንክ ብድር ነው። ብድሩ ገና አልጸደቀም። ባንኩ እምቢ ቢለኝስ? «በማናቸውም ምክንያት» የሚለው ይህንንም ይጨምራል ማለት ነው? ብድሩ ካልተፈቀደ ቀብዱ ይመለሳል የሚል ዓረፍተ ነገር ይግባልኝ ልል አስቤያለሁ። እንዲህ ያስገባችሁ ካላችሁ እንዴት ብላችሁ ጻፋችሁት? የጊዜ ገደብስ አስቀመጣችሁለት? ሻጭ ውሉን ቢያፈርስ ምን እንደሚሆን ደግሞ አንድም ቃል የለም። ይህ ልክ አይመስለኝም።

ሁለተኛው «ገዢ ቤቱን አይቶና ወዶ ባለበት ሁኔታ ተረክቧል» የሚለው ነው። ያየሁት አንዴ ነው፣ ያውም በጥድፊያ። መኝታ ቤቱ ኮርኒስ ጥግ ላይ ቡናማ የውሃ ምልክት አለ። አዲስ ቀለም ተቀብቶበታል፤ ግን ቀረብ ብሎ ላየው ከሥር ይታያል። ከፈረምኩ በኋላ ጣሪያው ቢያፈስ ሻጩን መጠየቅ እችላለሁ? ወይስ ምልክቱን ስላየሁት አበቃልኝ?

የዕዳና እገዳ ማጣሪያው አልቋል፣ እሱ አያሳስበኝም።

ደላላው «የተለመደ ውል ነው፣ አትጨነቅ» ይለኛል። የዓመታት ቁጠባዬ ነውና መጨነቄ አልቀረም። ረቡዕ ከጠበቃ ጋር ቀጠሮ አለኝ። ምን ምን ልጠይቀው? በዚህ ያለፋችሁ እባካችሁ ቶሎ ጻፉልኝ።